የእብነ በረድ፣ የግራናይትና የጥቁር ድንጋይ ዕቃዎች እድፍና መወየብ፦ ከወሎ ቤቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በወልድያ የድንጋይ ጠረጴዛ፣ የቡና ማቅረቢያ፣ የቲቪ ማስቀመጫ ወይም የወጥ ቤት መደብ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል። መልሶቹን ከማንበብዎ በፊት አንድ ነገር እናሳስባለን። ወደ ጥገና ከሚመጡ ዕቃዎች አብዛኞቹን ያበላሻቸው ያደፈባቸው ቡና ወይም ወጥ አይደለም፤ እድፉን ለማስለቀቅ ተብሎ በችኮላ የፈሰሰባቸው ሎሚ፣ አቼቶ ወይም በረኪና ነው። ስለዚህ ምን እንደፈሰሰ ብቻ ሳይሆን በምን ዓይነት ድንጋይ ላይ እንደፈሰሰ ሳያውቁ እጅዎን አይሰንዝሩ።

የጠረጴዛዬ ድንጋይ ምን ዓይነት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

እብነ በረድ ካልሲየም ካርቦኔት ከሚባለው ማዕድን የተሠራ በመሆኑ አሲድ ሲነካው ይፈላል፣ ይበላል። ከጠረጴዛው ሥር፣ ዓይን በማያይበት ጠርዝ ላይ አንድ ጠብታ ሎሚ ያድርጉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው በውኃ ያጥቡት። ቦታው ደብዝዞ ከቀረ ድንጋዩ እብነ በረድ ወይም የእሱ ዘመድ የሆነው የኖራ ድንጋይ ነው። ግራናይት ግን በሎሚ አይነካም፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ፍሬዎቹ ተለይተው ይታያሉ። ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የማዕድናት ጥንካሬ መለኪያ (ሞስ) ም ይለያያሉ፤ እብነ በረድ 3 ገደማ ሲሆን በግራናይት ውስጥ ያሉት ዋና ዋና ማዕድናት 6 እና 7 ናቸው። ስለዚህ ቢላዋ እብነ በረድን በቀላሉ ይጭረዋል፣ ግራናይትን ግን እምብዛም አይጭረውም።

ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ የአገራችን የወሎ ድንጋይ ነው። የወሎ ደጋ የቆመው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ፈልቆ በፈሰሰና በተደራረበ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ በመሆኑ ጠራቢዎቻችን በብዛት የሚያገኙት እሱን ነው። እብነ በረዱ ግን ከሌላ ቦታ ይመጣል፤ ለምሳሌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚገኘው ዳለቲ በእብነ በረዱ የታወቀ ነው። ባዛልት በሎሚ የማይነካ ቢሆንም በአንዳንዱ ድንጋይ ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን የሞሉ ነጫጭ ፍሬዎች አሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ እንደ እብነ በረድ በአሲድ ስለሚበሉ በጥቁር ድንጋይም ላይ ቢሆን ሎሚ ማፍሰስ አይመከርም።

በገበያ «ማርብል» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ድንጋይ አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ወይም የተሰበረ ጎን ይመልከቱ። መስመሩና ቀለሙ ፊቱ ላይ ብቻ ታትሞ ውስጡ አንድ ዓይነት ከሆነ ፖርሴሊን ነው። የድንጋይ ዱቄት በፕላስቲክ ሙጫ ተጣብቆ የተሠራም አለ፤ እንዲህ ያለውን አሴቶን (ለጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም የሚያገለግለው ፈሳሽ) ስለሚጎዳው ከዚህ በታች ስለ አሴቶን የምንለው ለእሱ አይሠራም።

ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ የተቀመጠበት ክብ ምልክት ቀርቷል። ብዙ ጊዜ ባጥበውም አልለቀቀም። ለምን?

እድፍ ስላልሆነ ነው። እድፍ ማለት ባዕድ ቀለም ወይም ቅባት በድንጋዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ሲገባ ነው፤ ቦታው ከሌላው ይጠቁራል ወይም ቀለም ይይዛል። ብርጭቆው የተወው ክብ ግን ብዙውን ጊዜ ከዙሪያው የነጣና የደበዘዘ ነው። ጎንበስ ብለው በመስኮቱ ብርሃን አግድም ሲያዩት ልስላሴው የጠፋ መሆኑ ይታያል፤ በጥፍር ሲዳስሱትም ይሻክራል። ይህ የአሲድ ቃጠሎ ነው። ጠጅ፣ የሎሚና የብርቱካን ጭማቂ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ አቼቶና የቲማቲም ስልስ ሁሉም አሲድ አላቸው፤ እብነ በረድን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይበሉታል።

የተበላን ነገር ማጠብ አይመልሰውም። ምልክቱ ትንሽ ከሆነ በእብነ በረድ ማለስለሻ ዱቄትና በእርጥብ ጨርቅ እያሹ ብርሃኑን መመለስ ይቻላል። ሰፊ ከሆነ ግን ባለሙያ ከሻካራ ወደ ለስላሳ በሚሄዱ የማለስለሻ ዲስኮች ፊቱን እንደገና ማውጣት አለበት።

በተቃራኒው ክቡ ነጭ ሆኖ ከፊቱ ከፍ ያለና እንደ ቅርፊት የሚዳሰስ ከሆነ ውኃ ደርቆ የተወው ጨው ነው። በደረቁ፣ በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ቀስ ብሎ መፋቅ ይበቃዋል።

ቡና ፈሶበት ደረቀ። እንዴት አስለቅቀዋለሁ?

በእኛ ቤቶች ቡና ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚፈላና ረከቦቱም ብዙ ጊዜ ከድንጋዩ ጠረጴዛ ስለማይርቅ ከሁሉም በላይ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም ረዘም ይላል።

ቡናው ገና እንደፈሰሰ ከሆነ አይጥረጉት፤ መጥረግ ቡናውን ወዳልነካው ቦታ ያሰራጨዋል። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሶፍት ላዩ ላይ ጫን አድርገው ያስመጥጡት፤ ከዚያ ጥቂት ላርጎ ጠብ በተደረገበት ለብ ያለ ውኃ አጥበው በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁና በደረቅ ጨርቅ ያድርቁት። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

ደርቆ ወደ ውስጥ ከገባ ግን የሚያስፈልገው ልጥፍ ነው። ልጥፍ ማለት እድፉን የሚያሟሟ ፈሳሽና ያንን ፈሳሽ መልሶ የሚመጥጥ ነጭ ነገር ተለውሰው ድንጋዩ ላይ የሚደረጉበት ዘዴ ነው። ፈሳሹ ወደ ቀዳዳዎቹ ገብቶ እድፉን ያላቅቀዋል፤ ልጥፉ ሲደርቅ ደግሞ እርጥበቱ ወደ ላይ ሲወጣ እድፉን ይዞት ይወጣል። ሥራውን የሚሠራው መድረቁ ስለሆነ ተቻኩሎ ገና እርጥብ እያለ ያነሳው ሰው ምንም አያገኝም።

ለቡና፣ ለሻይና ለመሰል እድፎች ፈሳሹ ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። የፀጉር ቤቶች የሚጠቀሙበት «20 ቮሊዩም» የሚባለው 6 በመቶ ስለሆነ እኩል ውኃ ሳይጨመርበት አይጠቀሙበት። በዚህ 3 በመቶ ፈሳሽ ቤኪንግ ሶዳ ለውሰው እንደ ወፍራም ገንፎ ያድርጉት። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፤ ውስጡ አሲድ ስላለበት ለእብነ በረድ አይሆንም። በሱቅ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ጽሑፉን አንብበው ይግዙ።

በመጀመሪያ ቦታውን በንጹሕ ውኃ ያርጥቡት፤ ድንጋዩ ቀድሞ ውኃ ከጠጣ እድፉ ወደ ጥልቅ አይሸሽም። ከዚያ ልጥፉን ከእድፉ ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል አልፎ፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር በሚሆን ውፍረት ይቀቡት። በላዩ ፌስታል አልብሰው ጠርዙን በፕላስተር ይለጥፉ። ፌስታሉ ጽሑፍ የሌለበት ይሁን፤ የታተመበት ቀለም በፐርኦክሳይዱ ተነቅሎ ነጩ ድንጋይ ላይ ሊታተም ይችላል። በ24 ሰዓቱ ፌስታሉን አንስተው ልጥፉ ራሱ እስኪደርቅና እስኪሰነጣጠቅ ይተዉት። ኮምቦልቻ ላይ በሞቃቱ ወራት በማግስቱ ይደርቃል፤ ደሴ ላይ በክረምቱ ጉም ግን ሁለትና ሦስት ቀን ሊፈጅ ስለሚችል አይቸኩሉ። ሲደርቅ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ማንኪያ አንስተው ቦታውን አጥበው ያድርቁ።

ውጤቱን የሚፈርዱት ድንጋዩ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው፤ እርጥብ ድንጋይ ምንጊዜም ስለሚጠቁር እድፉ ያልለቀቀ ሊመስልዎት ይችላል። ጥቂት እንኳ ከቀነሰ ዘዴው ሠርቷልና ይድገሙት። የቆየ የቡና እድፍ በአንድ ጊዜ የሚለቅ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት።

ፐርኦክሳይድ ያነጣል። ስለዚህ ለነጭና ለፈዛዛ ድንጋይ እንጂ ለጥቁር ግራናይትና ለባዛልት አይመረጥም፤ በእነሱ ላይ ከፐርኦክሳይዱ ይልቅ በአሴቶን የራሰ ነጭ ሶፍት ይጠቀሙ። ሁለቱንም ቢሆን አስቀድመው ከሥር፣ በማይታይ ቦታ ይሞክሯቸው። ቡናው ለቆ ቦታው ደብዛዛ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ቡና ራሱ ጥቂት አሲድ ስላለው ነው፤ ቀሪው የማለስለስ ሥራ ነው።

ንጥር ቅቤ ወይም ወጥ ከፈሰሰበትስ?

ቅባት ድንጋዩን አይበላውም፤ ድንጋዩ ግን ይጠጣውና ይጠቁራል። ገና ከሆነ ሶፍት ጫን አድርገው ያስመጥጡና ላዩን በቤኪንግ ሶዳ ሸፍነው ያሳድሩት። ከቆየ ልጥፉ በአሴቶን ይሠራል፤ ነጭ ሶፍት በአሴቶን ነክረው ቦታው ላይ ያድርጉ፣ በፌስታል ይሸፍኑ፣ ከዚያ ከላይ እንደተባለው ያድርቁት። ቀይ ወጥ ሁለት ነገር አለበት። የበርበሬው ቀለም በቅባቱ ውስጥ ሟሙቶ ስለሚገባ መጀመሪያ ቅባቱን በአሴቶን ማውጣት፣ የቀረውን ቅላት ደግሞ ነጭ ድንጋይ ከሆነ በፐርኦክሳይድ ማንሣት ይገባል። በተገላቢጦሽ የጀመረ ሰው ይደክማል።

እዚህ ላይ ጠንከር ብለን የምንናገረው ነገር አለ። የአሴቶን ትነት በቅጽበት በእሳት ይያያዛል። ከሰል ተያይዞ፣ ዕጣን እየጨሰ ወይም ጧፍ በርቶ ባለበት ክፍል አሴቶን አይክፈቱ። ቡና የሚፈላበትን ሰዓት አሳልፈው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ ልጆችን አርቀው ይሥሩ።

እርድ፣ ሂና፣ እንሶስላና ቄጤማ የሚተዉትን ቀለም ምን ያስለቅቀዋል?

እርድ ያስደነግጣል እንጂ ከቡና ይልቃል ማለት አይደለም። ሳሙና ወይም ቤኪንግ ሶዳ ሲነካው ቢጫው ወደ ቀይ ይለወጣል፤ እድፉ የባሰበት መስሏቸው ብዙዎች እዚህ ላይ ይሸበራሉ። ይህ የእርዱ ጠባይ ነው፤ በውኃ ሲታጠብ ይመለሳል። የእርድ ቀለም በፀሐይ ብርሃን ይፈርሳል። ዕቃው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከታጠበ በኋላ ለጥቂት ቀናት ፀሐይ እንዲያገኘው ያድርጉ፤ የቀረውን በፐርኦክሳይድ ልጥፍ ይጨርሱ።

ለሠርግና ለኢድ እጅ ሲቀባ ሂናው ወይም ተወቅጦ የተዘጋጀው እንሶስላ ከሳህኑ ጠርዝ ጠብ ብሎ ሳይታይ ያድራል፤ ጠዋት ሲነሣ ከሥሩ ብርቱካንማ ክብ ይገኛል። ቀለሙ በፐርኦክሳይድ ልጥፍ ተደጋግሞ ሲሠራ ይወጣል። ችግሩ ሂናው ብዙ ጊዜ በሎሚ ስለሚለወስ ቀለሙ ከወጣ በኋላ ከሥሩ የአሲድ ቃጠሎ መገኘቱ ነው። ለዚህ የምንመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሂና የተለወሰበት ሳህን ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ወይም ትሪ ሳይኖር እብነ በረድ ላይ አይቀመጥ።

እርጥብ ቄጤማ ያደረበት ነጭ ድንጋይ የሚይዘው አረንጓዴ እንደ ቡናው ይታከማል።

በረኪና፣ ሎሚ ወይም አመድ ብጠቀምስ? እናቶቻችን በእነዚህ ሲያጸዱ ኖረዋል።

እናቶቻችን በሎሚና በአመድ ያጸዱት ናስና ብረት ድስት ነው፤ ለእሱም የሚሆን ነው። ሎሚ እብነ በረድን ይበላል፤ አመድ ደግሞ አሸዋና ያልተቃጠለ ደቃቅ ነገር ስላለበት የለሰለሰውን ፊት ይጭረዋል። የድስት ማጠቢያ ሽቦም እንዲሁ ነው፤ ከጭረቱ በተጨማሪ ስባሪው ቀዳዳ ውስጥ ቀርቶ ይዝጋል።

በረኪና እድፉን ያነጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ብርሃኑን ያደበዝዛል፣ በድንጋዩ ውስጥ ብረት ካለም ሊያዝገውና ቢጫ ሊያደርገው ይችላል። ከዚህ የሚብሰው የሰው ጉዳት ነው። በረኪና ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ አሞኒያ ካለባቸው ማጽጃዎች ጋር ሲቀላቀልም ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል። «አንዱ ሲያቅተው ሌላውን ልጨምርበት» ብሎ መደራረብ በጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ነጭ እብነ በረዴ በየቦታው ቢጫ እየሆነ ነው። ዝገት ነው?

ከየት እንደመጣ መለየት ያስፈልጋል። የከሰል ምድጃ እግር፣ የቆርቆሮ ጣሳ ወይም የአበባ ማስቀመጫ የቆመበት ቦታ ከሆነና የዕቃውን ቅርጽ ከያዘ ዝገቱ ከውጭ የመጣ ነው። ላዩ ላይ ያለውን ደረቅ ዝገት በናይለን ብሩሽ ያንሡት፤ ውስጥ የገባው ግን ከእድፎች ሁሉ አስቸጋሪው ነው። ዝገት አስለቃቂ ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ ፈሳሾች አሲድ ስለሆኑ እብነ በረዱን አብረው ይበሉታል። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያለባቸው ደግሞ ግራናይትን ሳይቀር ያበላሻሉ፤ ቆዳ አልፈውም አጥንት ስለሚጎዱ ወደ ቤት መግባት የለባቸውም።

ቢጫው ቅርጽ ሳይይዝ በሰፊው ከተበተነ ከድንጋዩ ከራሱ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ነጭ እብነ በረድ ውስጥ ብረት ያላቸው ማዕድናት አሉ፤ እርጥበት ሲደርስባቸው ይዝጋሉ። ይህ የሚሆነው በብዛት እርጥብ ግድግዳ ጋር በተጣበቁ ወይም በየቀኑ በብዙ ውኃ በሚታጠቡ ዕቃዎች ላይ ነው። ከግድግዳው ያርቁት፣ በውኃ ማጥለቅለቁን ትተው በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ይወልውሉት። ያለው ቢጫ ፈጽሞ ባይጠፋም መስፋፋቱ ሊገታ ይችላል።

ጧፍ ቀልጦ ፈሰሰበት፤ የዕጣኑ ጥላሸትም አጠቆረው።

ሰሙን በፌስታል በተጠቀለለ በረዶ አቀዝቅዘው በፕላስቲክ ካርድ ፈንቅለው ያንሡት፤ የሚቀረው ቅባት እንደ ንጥር ቅቤው ይታከማል። ጥላሸት በመጀመሪያ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ከጀመሩ ወደ ቀዳዳው ይገባል። ፍም ያለበትን ማጨሻ በቀጥታ ድንጋይ ላይ አያስቀምጡ፤ አንድ ቦታ ብቻ በድንገት ሲግል ድንጋዩ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ስንጥቅ ደግሞ የሚለቅ እድፍ አይደለም።

በግቢ ያለው የጥቁር ድንጋይ አግዳሚ አረንጓዴና ነጭ ነገር አበቀለ።

አረንጓዴው አልጌና የድንጋይ ሽበት (ሞስ) ነው፤ ነጩና ግራጫው ክብ ደግሞ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ሊከን የሚባል ሕይወት ያለው ነገር ነው። የጦሳ ተራራ ጉም በሚወርድበት ሰፈር ይህ የሚጠበቅ ነው። በውኃ አርሰው ለጥቂት ጊዜ ትተው በናይለን ብሩሽ ይፈትጉት፤ በቢላዋ አይፋቁት፣ ከእሱ ጋር የድንጋዩ ልጣጭ ይነሣል። እንዳይመለስ ከተፈለገ ዝናቡ የሚወርድበትን አሸንዳ ማዞርና ፀሐይ የሚከለክለውን ቅርንጫፍ መቁረጥ ከማንኛውም ማጽጃ ይበልጣል። ድንጋይን የሚያደክመው እርጥበት መሆኑን ላሊበላ ላይ እናያለን። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ከዝናብ ለመከላከል በ2008 እ.ኤ.አ. በአንዳንዶቹ ላይ ትልልቅ መጠለያዎች ተሠርተዋል።

ይህን ካነሣን ዘንዳ፣ እዚህ ገጽ ላይ የተጻፈው ለቤት ዕቃ ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በመካነ መቃብር ወይም በማንኛውም ጥንታዊ ድንጋይ ላይ በጎ አስቦም ቢሆን ማንም ልጥፍ እንዳያደርግ እንለምናለን፤ የቅርስ ጥገና ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ከአያቴ የቀረውን ወፍጮ ጠረጴዛ አደረግሁት። ዓመታት ያጠቆሩትን ፊቱን ላንጣው?

በእኛ ግምት አይንካ። ያ ጥቁረት እህልና እጅ ያለሰለሱት ፊት ነው፤ አንዴ ከተነሣ አይመለስም። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ማንሣት ይበቃል።

ማሸጊያ ቅባት ቢቀባ እድፍ አይነካውም?

ወደ ውስጥ የሚሰርግ የድንጋይ ማሸጊያ የቀዳዳዎቹን መምጠጥ ይቀንሳል፤ ቡናው ከመግባቱ በፊት ለማስመጠጥ ጊዜ ይሰጥዎታል። አሲድን ግን አይከለክልም፤ የታሸገ እብነ በረድም በሎሚ ይበላል። ማስፈለጉን ለማወቅ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርገው አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ውኃው ተሰብስቦ ከቆየ አያስፈልገውም፤ ሥሩ ከጠቆረ ያስፈልገዋል። እድፍ ባለበት ወይም እርጥብ በሆነ ድንጋይ ላይ አይቀባም፤ ያለውን ይዞት ያስቀረዋልና። የምግብ ዘይትና ቅቤ ለማብረቅ ብሎ መቀባት ለጊዜው ያሳምራል፣ በኋላ ግን ይሻግታል፣ አቧራ ይይዛል፣ ነጩን ድንጋይ ያወይበዋል።

ባለሙያ መጥራት ያለብኝ መቼ ነው?

ቃጠሎው ከእጅ መዳፍ የሰፋ፣ ዝገቱ የጠለቀ፣ ድንጋዩ የተሰነጠቀ ወይም ልጥፉ ሦስት ጊዜ ተደግሞ ምንም ለውጥ ያላሳየ ከሆነ ራስዎ መቀጠልዎን ያቁሙ። ባለሙያው ሲመጣ ምን እንደፈሰሰ፣ መቼ እንደፈሰሰ፣ እስካሁን ምን ምን እንደተደረገበት ሁሉንም ይንገሩት። በተለይ በረኪና ወይም ዝገት አስለቃቂ ነክቶት ከሆነ አይደብቁ፤ እሱ በላዩ አሲድ ያለበት ማለስለሻ ሊጨምር ስለሚችል ለእድፉ ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛውም ጤና ያስፈልጋል። ሥራውን በሙሉ ፊቱ ላይ ከመጀመሩ በፊት ከሥር ወይም ከጠርዝ በትንሽ ቦታ ሠርቶ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት፤ ዋጋውንም ከዚያ በኋላ ይስማሙ።